የበዓል ጠዋት በአረብ ቤት ወጥ ቤት፦ ቶሎ የሚደርሱ የሀገር ቤት ቁርሶች

የፋሲካ ጠዋት ነው እንበል። ሀገር ቤት ዳቦው ተቆርሷል፣ ዶሮው ቀርቧል፣ ቡናው እየተቆላ ነው። አንቺ ግን ዳማድ ነሽ፤ ወይ ሰብያ፣ ወይ አቡ አሪሽ፣ ወይ ሳምጣ። እሁድ በሳዑዲ የሥራ ሳምንት መጀመሪያ ስለሆነ የማዳምን ልጆች ለትምህርት ቤት እያለባበስሽ ነው። ገና ሲሆንም፣ እንቁጣጣሽ ሲሆንም ያው ነው፤ እዚህ ተራ ቀን ነው። ዒድ ሲሆን ደግሞ በተቃራኒው ቤቱ ሁሉ በዓል ላይ ነው፤ ግን የበዓሉ ሥራ ያለው አንቺ እጅ ላይ ነው።

ብዙዎቻችን በዚህ ቀን የምናደርገው አንድ ነገር ነው፦ ሳንበላ እንውላለን። «ማን ለራሱ ብቻ ብሎ ይሠራል?» እንላለን። ቆመን ሻይ በደረቅ ዳቦ እንቀምስና እስከ ከሰዓት እንሠራለን። ከዚያ ቤተሰብ ሲደውል «በላሽ ወይ?» ሲሉን «አዎ» እንላለን፤ ስልኩን ዘግተን እናለቅሳለን። በጂዛን ሙቀት ደግሞ ባዶ ሆድ መዋል ሌላ ጣጣ አለው፤ ራስ ያዞራል፣ ጨጓራ ያስነሳል፣ ጉልበት ያሳጣል።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ስለ ቁርስ ነው። ከ10 እስከ 30 ደቂቃ የሚፈጁ፣ ዳማድ ሱቅ ውስጥ በሚገኝ ነገር የሚሠሩ፣ ለአንድ ሰው የሚበቁ የሀገር ቤት ቁርሶች። መለኪያችን ተራ የውሃ ብርጭቆ ነው።

ከማታው የሚያልቅ ሥራ

ጠዋት ያንቺ አይደለም፤ ማታ ግን ትንሽ ያንቺ ነው። ሦስት ነገር ከማታው ካለቀ ጠዋት የሚቀርሽ ማሞቅ ብቻ ነው።

አንደኛ፣ ቅቤ። እዚህ «ሰምን» የሚሉት ነጥሮ የሚሸጥ ቅቤ ነው። ስለዚህ እንደ ሀገር ቤት ለጋ ቅቤ ብዙ ማንጠር አያስፈልገውም፤ የቀረው ቅመሙ ነው። አንድ ብርጭቆ ሰምን በትንሽ እሳት አቅልጪ። ግማሽ ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዝንጅብል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አብሽ፣ ቁንጥር እርድና ሁለት ሦስት ፍሬ የተፈነከተ ሄል ጨምሪ። ሄል ኮረሪማ አይደለም፤ ሽታው ይለያል፤ ግን ኮረሪማ ከሌለሽ ይተካል። 15 ደቂቃ ያህል ካቆየሽ በኋላ አጥልዪና በደረቅ የጠርሙስ ዕቃ ክደኚው። ዕቃው እርጥብ ከሆነ ይበላሻል።

ሁለተኛ፣ በርበሬ። ከሀገር ቤት የመጣ ካለሽ እሰየው። ከሌለሽ «ባብሪካ» የሚባለውን ቀይ ዱቄት ሦስት እጅ፣ «ሻጣ» የሚባለውን የሚያቃጥለውን አንድ እጅ አድርጊ፤ ከሙን፣ የተፈጨ ሄልና ትንሽ ጨው ጨምረሽ በደረቅ መጥበሻ ላይ ለአንድ ደቂቃ ብቻ አሙቂው። ከዚያ በላይ ካቆየሽው ያርና ይመራል። አንድ ምክር እዚህ ላይ፦ በርበሬ ከሀገር ቤት ስታስመጪ ከምታውቂው ሰው እጅ ይሁን። «ይህችን ታሽጋ ያለች በርበሬ አድርሺልኝ» የሚል የማታውቂው ሰው ዕቃ አትያዢ። ውስጡ ሌላ ነገር ቢገኝ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።

ሦስተኛ፣ የሚዘፈዘፈውን መዘፍዘፍና የሚቆላውን መቁላት። ይህን እያንዳንዱ ቁርስ ጋ እነግርሻለሁ።

ሱቅ ገብተሽ ምን ብለሽ ትጠይቂያለሽ?

አዲስ የገባሽ ከሆንሽ ዕቃው ፊትሽ ተደርድሮ ስሙ ሊጠፋሽ ይችላል። እነዚህን ያዢ፦

ዱቄት — ደቂቅ። ያልተፈተገ የስንዴ ዱቄት — ደቂቅ ቡር።
ማሽላ — ዱራ። ገብስ — ሸዒር። አጃ — ሹፋን።
የተከካ ስንዴ — ጀሪሽ። ተቀቅሎ የደረቀ የተከካ ስንዴ — ቡርጉል።
የነጠረ ቅቤ — ሰምን። ለጋ ቅቤ — ዙብዳ። ማር — ዐሰል።
እርሾ — ኸሚራ። ጥቁር አዝሙድ — ሀባ ሶዳ። አብሽ — ሑልባ። እርድ — ኩርኩም። ተልባ — ቢዝር ከታን።

ስልክሽ ላይ ጽፈሽ ብታስቀምጪው ማዳም ሱቅ ስትልክሽም ይጠቅምሻል።

ጨጨብሳ — ጎረቤትሽ «መርሳ» የሚለው ዘመዱ

ከሁሉም የሚቀለው ይህ ነው። አንድ ብርጭቆ ዱቄት፣ ቁንጥር ጨው፣ ከግማሽ ብርጭቆ ትንሽ ያነሰ ውሃ። ለውሺና አምስት ደቂቃ አሳርፊው። በእጅሽ አሳስተሽ በደረቅ መጥበሻ ላይ በመካከለኛ እሳት ሁለቱንም ጎን ጋግሪ። ቂጣው ቀጭን ካልሆነ ውስጡ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ትኩስ እያለ በትንንሹ ቆራርሺው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቅቤ አሙቀሽ አንድ የሻይ ማንኪያ በርበሬ ጣል አድርጊና ወዲያው ቂጣው ላይ አፍስሰሽ አሺው። ከላይ ማር። በሃያ ደቂቃ አለቀ። ጾም ላይ ከሆንሽ በቅቤው ፋንታ ዘይት ይሆናል።

የጂዛን ሰው «መርሳ» የሚለው ምግብ አለ፤ አይተሽው ይሆናል። ትኩስ ቂጣ ከሙዝ ጋር ታሽቶ ሰምንና ማር ይፈስበታል። ከኛ ጨጨብሳ የሚለየው ሙዙና በርበሬው ነው። ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? ማዳም «ምንድን ነው የምትሠሪው?» ስትልሽ «ዚይ መርሳ» (እንደ መርሳ ነው) ማለት ትችያለሽ። የማያውቁት ነገር የሚያስፈራቸው ሰዎች የሚያውቁት ስም ሲሰሙ ይረጋጋሉ። ምናልባትም «ለኔም አቅምሺኝ» ትልሻለች፤ ለሷ በርበሬውን ተዪው።

የላሑሕ ፍርፍር

እንጀራ ናፍቆሽ ጤፍ ከሌለ፣ ላሑሕ አለልሽ። በየመንና በጂዛን የሚጋገር፣ እንደ እንጀራ ዓይን ያለው፣ በአንድ ጎኑ ብቻ የሚበስል ስስ ቂጣ ነው። በስንዴም በዱራም ይሠራል። ቤቱ ውስጥ ራስሽ የምትጋግሪው ከሆነ ሁለት ሦስቱን ለራስሽ አስቀርተሽ ከማታው አውጥተሽ ትንሽ ይድረቅ። ትኩሱና ለስላሳው ለፍርፍር አይሆንም፤ ይላቁጣል።

አንድ ራስ ቀይ ሽንኩርት ክተፊና ያለ ዘይት በትንሹ ውሃ ጠብ እያደረግሽ አቁላዪ። ዘይት ወይም ቅቤ ጨምሪ፤ ቀጥሎ አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፤ ቀጥሎ አንድ የተከተፈ ቲማቲምና ግማሽ ብርጭቆ ውሃ። ስልሱ ሲፈላ ላሑሑን ቆራርሰሽ ጨምሪና እሳቱን አጥፊ። እሳት ላይ ካቆየሽው ገንፎ ይሆናል። እርጎ ካለ ጎኑ አድርጊ። በዱራ የተጋገረው ላሑሕ ትንሽ ኮምጠጥ ስለሚል አፍ ላይ እንጀራን በጣም ያስታውሳል።

ራስሽ ልታቦኪ ካሰብሽ ሙቀቱን አትርሺ። ሀገር ቤት ሁለት ቀን የሚፈልግ ሊጥ ጂዛን ላይ በአንድ ሌሊት ሊቦካ፣ ካለፈም ሊሆመጥጥ ይችላል። ማታ አቡኪ፤ ክፍሉ በጣም የሚሞቅ ከሆነ ከመተኛትሽ በፊት ፍሪጅ አስገቢው።

ቅንጬ

ለቅንጬ ጀሪሽ ግዢ። አንድ ብርጭቆ ጀሪሽ አጥበሽ ከማታው ዘፍዝፊ። ጠዋት ውሃውን ደፍተሽ በሁለት ብርጭቆ ተኩል ንጹሕ ውሃና ቁንጥር ጨው በትንሽ እሳት ጣጂው። ከተዘፈዘፈ 20 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ካልተዘፈዘፈ ከ30 በላይ ይፈልጋል። ከዘነጋሽው ቡርጉል ያድንሻል፤ ቀድሞ የተቀቀለ ስለሆነ በ15 ደቂቃ ይደርሳል። ውሃው ሲመጥ ከእሳት አውርጂ፣ ቅቤ ጨምረሽ ክደኚና አምስት ደቂቃ ተዪው። ቅንጬ ልጆችን እያለበስሽ ብቻውን የሚበስል ቁርስ ነው፤ ቆመሽ አትጠብቂውም። ጥሩነቱም ይኸው ነው፤ እስከ ምሳ ሆድ ይይዛል።

ገንፎ

ገንፎ ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቤቱ ሳይነቃ የሚሠራ ነው። ከማታው አንድ ብርጭቆ ተኩል ደቂቅ ቡር ወይም የገብስ ዱቄት በደረቅ መጥበሻ ላይ ሽታው እስኪወጣ ቁዪ። ጠዋት ሁለት ብርጭቆ ውሃ ከጨው ጋር አፍዪና ግማሽ ብርጭቆውን ለይተሽ አስቀምጪ። ዱቄቱን በጥቂት በጥቂቱ እየበተንሽ በእንጨት ማንኪያ አማስዪ። ሲጠነክርብሽ ከለየሽው ሙቅ ውሃ ጠብ አድርጊ። ቢያንስ አሥር ደቂቃ ካልታሸ ጥሬ ጥሬ ይላል። ሳህን ላይ ገልብጠሽ መሐሉን ጎድጉጂና ቅቤና በርበሬውን አፍስሺበት።

ፉልና ትንሽ ዳቦ

ጊዜ ጭራሽ ከሌለ ፉል ነው። ጣሳውን ክፈቺ፣ ከነውሃው አሙቂና በሹካ ጨፍልቂው። ጥሬ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ከሙንና ዘይት ከላይ። ካለ ደግሞ የተጠበሰ እንቁላል። ተሚስ ከሚባለው ትልቅ ትኩስ ዳቦ ጋር። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

በዓል ያለ ድፎ አይሆንልኝም ካልሽ ትንሽ ድፎ በድስት መጋገር ይቻላል። ሦስት ብርጭቆ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሀባ ሶዳ፣ ትንሽ ጨውና ስኳር፣ አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ፤ ከጎደለው ትንሽ ጨምሪ። ለውሰሽ ሸፍነሽ አስቀምጪው፤ በዚህ ሙቀት አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ኩፍ ሊል ይችላል። ግቢው ሙዝ ካለው ቅጠሉን አጥበሽ በእሳት አለስልሺና ወፍራም ድስት ውስጥ አንጥፊው፤ የኮባውን ቦታ ይተካል። ሊጡን ጨምረሽ ክደኚና በጣም በትንሽ እሳት ከ25 እስከ 30 ደቂቃ፤ ከዚያ ገልብጠሽ ሌላ 10 ደቂቃ። ይህንን ከማታው ጨርሺው። ጠዋት ቆርሰሽ መብላት ብቻ ነው።

ጾም ለፈታሽ

55 ቀን ጾመሽ ከሆነ ጨጓራሽ ቅባት ረስቷል። በመጀመሪያው ሰዓት በቅቤ የራሰ ነገር፣ ሥጋና እንቁላል አንድ ላይ ከጫንሽበት ቀኑን ሙሉ ሆድሽን ይዘሽ ነው የምትሠሪው፤ አመመኝ ብለሽ የምትተኚበት ቀን ደግሞ አይደለም። ሀገር ቤት እናቶች መጀመሪያ ተልባ የሚያስጠጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ተልባውን ቆልተሽ ፍጪና በውሃ በጥብጠሽ በትንሽ ማር ጠጪ፤ ወይም አንድ ሳህን ቀጠን ያለ የአጃ ሾርባ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ቆይተሽ ጨጨብሳሽን ብዪ። ቅቤውን በመጀመሪያው ቀን በግማሽ ቀንሺው።

ብርዝ ልበጥብጥ ካልሽ ማሩን በውሃ በጥብጠሽ እዚያው ጠጪው፤ ለነገ ብለሽ ውጭ አታሳድሪው፤ በዚህ ሙቀት መፍላት ይጀምራል። ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄ የሚባል ነገር ደግሞ በሳዑዲ በፍጹም አይነካም። መጠጥ መጥመቅም፣ መጠጣትም፣ ቤት ውስጥ መገኘቱም እስርና ከሀገር መባረር ያስከትላል። ለአንድ በዓል ተብሎ የሚከፈል ዋጋ አይደለም።

የዒድ ጠዋት

ዒድ አል-ፈጥር ላይ በጂዛን ቆላ ብዙ ቤቶች ቁርሳቸው በጨው የደረቀ ዓሣ ነው። ዓሣው ጨው እንዲለቅ ከማታው ይዘፈዘፋል፤ ጠዋት ይሠራል፤ እንግዳ ይመጣል፤ ሳህን ይታጠባል፤ ሌላ እንግዳ ይመጣል። ሙስሊም እህቴ፣ ይህ ያንቺም ዒድ ነው። ከሶላት በፊት ቴምር በጎዶሎ ቁጥር፣ ሦስት ወይም አምስት፣ መብላት ሱና ስለሆነ ቢያንስ እሱን ቁጭ ብለሽ ከውሃ ጋር አድርሺ። ቅንጬሽን ከዓሣው ጎን ጣጂው፤ አብሮ ይደርሳል። በአረፋ ደግሞ የተለመደው ከሶላት በኋላ ከእርዱ መብላት ነው፤ ሥጋው እስኪደርስ ብዙ ሰዓት ስለሚወስድ ከሶላት መልስ ጨጨብሳው ቢኖር ያቆይሻል። ከወር ጾም በኋላ ስለሆነ የዒድ አል-ፈጥር ጠዋት ላይም ከላይ ስለ ቅባት ያልኩት ይሠራል።

ቡናው፣ እና የማይደረገው አንድ ነገር

ጂዛን ራሱ የቡና ሀገር ነው። በፈይፋና በዳዒር ተራሮች የሚበቅለውን ኸውላኒ ቡና የማልማት ዕውቀትና ልማድ በ2022 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ቅርስነት ተመዝግቧል። እነሱ ቡናውን ነጣ አድርገው ይቆሉና በሄል ያፈሉታል፤ የቡናውን ገለባም «ቅሽር» ብለው በዝንጅብል ያፈሉታል። ጥሬ ቡና ሱቅ ውስጥ ካገኘሽ በመጥበሻ ቁዪው፤ መስኮት ክፈቺ፣ የጭሱን ማውጫ አብሪ፣ በጋዝ ምድጃው ላይ አፍዪው።

ከሰል ግን ክፍልሽ ውስጥ አታቀጣጥዪ። ይህን አጥብቄ ነው የምልሽ። በር ዘግተን፣ ኤሲ ከፍተን፣ በዓሉን በዓል ለማስመሰል ከሰል አቀጣጥለን ዕጣን እናጨሳለን። ከሰል ጭሱ ካለቀ በኋላም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ኤሲ ደግሞ ያንኑ የክፍሉን አየር ያቀዘቅዛል እንጂ ከውጭ አዲስ አየር አያስገባም። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያደክማል፤ ሰው «ደክሞኝ ነው» ብሎ ይተኛል፤ ከዚያ አይነሳም። እንዲህ ከተሰማሽ ወዲያው ወደ ውጭ ውጪ፣ አብራሽ ያለችውንም አውጪ፣ አምቡላንስ በ997 ጥሪ። ከሰል ሊጨስ የሚችለው ክፍት ግቢ ወይም ጣሪያ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ማዳም ከፈቀደች። ሲያልቅ ውሃ ደፍተሽ አጥፊው እንጂ ከነፍሙ ወደ ክፍል አታስገቢው።

ማዳምን እንዴት ትጠይቂያለሽ?

የበዓሉ ቀን ጠዋት አትጠይቂ፤ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብለሽ ጠይቂ። እንዲህ በያት፦ «ማማ፣ ዮም አል-አሐድ ዒድ ዒንዲ። አብጋ አሰዊ ፈጡር ሐበሺ፣ ሙምኪን?» እሁድ በዓል አለብኝ፣ የሐበሻ ቁርስ መሥራት እፈልጋለሁ፣ ይቻላል? ማለት ነው። ስለ ሃይማኖቱ ዝርዝር መግባት የለብሽም። በሳዑዲ ከእስልምና ውጭ ያለ ሃይማኖት በአደባባይ ማክበር ስለማይፈቀድ፣ ክርስቲያን ከሆንሽ ጸሎቱንም መዝሙሩንም በክፍልሽ፣ በጆሮ ማዳመጫ አድርጊው።

ከፈቀደችልሽ በኋላ ቃልሽን ጠብቂ፦ የተጠቀምሽበትን ዕቃ እጠቢ፣ ዱቄትና ሰምን ከቤቱ ከወሰድሽ ንገሪያት። በሚቀጥለው በዓል ሳትጠይቂም ትፈቅድልሻለች።

መብትሽንም እወቂ። ምግብና መኖሪያ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው። ከኦክቶበር 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ በቀን ከ10 ሰዓት በላይ ማሠራትን ይከለክላል፤ በሳምንትም ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት የሚከፈልበት ዕረፍት ይሰጣል። በየቤቱ ሁሉ እንደማይከበር አንቺም እኔም እናውቃለን። ግን ልትጠቀሚበት የምትችይው መንገድ አለ፦ አርብ የምታርፊ ከሆነ ያንን ዕረፍት ወደ በዓሉ ቀን እንድታዛውርልሽ ጠይቂ። «አብጋ ኢጃዛ ዮም አል-አሐድ በደል አል-ጁምዓ» በያት። ተጨማሪ ቀን አልጠየቅሽም፤ ቀን ነው የለወጥሽው። ሙሉ ቀን ባትሰጥሽ እንኳ «ኑስ ዮም» (ግማሽ ቀን) ልትል ትችላለች።

ስልኩ

በመጨረሻ፣ የሳዑዲና የኢትዮጵያ ሰዓት አንድ ነው። አንቺ ጋ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲሆን እናትሽም ጋ አንድ ሰዓት ነው። ስለዚህ ከመደወልሽ በፊት ሳህንሽን አቅርቢ፤ ቁጭ በዪ፤ መጀመሪያ አንድ ጉርሻ ብዪ። ከዚያ ደውዪ። «በላሽ ወይ?» ስትልሽ ካሜራውን ወደ ሳህኑ አዙሪው። ያን ቀን «አዎ» ስትያት እውነትሽን ይሆናል።

መልካም በዓል፣ እህቴ።